ፊኛው ያው፣ ሕመሙ ሌላ፦ ሴሮቶኒን አይቢኤስ ያለበትን ሆድ ምን ያደርገዋል?

ከፊኛ እንጀምር።

በ1973 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሪቺ የተባለ ተመራማሪ ትንሽ ፊኛ በሰዎች ትልቅ አንጀት የታችኛው ክፍል ውስጥ እያስገባ ቀስ ብሎ ይነፋ ነበር። ፊኛው 60 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሩብ ብርጭቆ ገደማ ሲሞላ፣ አይቢኤስ የሚባለው የአንጀት ሕመም ከሌለባቸው ሰዎች "አመመኝ" ያሉት 6 በመቶ ብቻ ነበሩ። አይቢኤስ ካለባቸው ግን 55 በመቶዎቹ አመማቸው። ፊኛው ያው ነው። የገባው አየርም ያው ነው።

ይህን ሙከራ የምወደው አንድ የቆየ ክርክር ስለሚዘጋ ነው። አይቢኤስ ያለበት ሰው ደሙን ይመረመራል፣ ሰገራውን ይመረመራል፣ ካሜራ ይገባለታል፣ መጨረሻ ላይ "ምንም የለብህም" ይባላል። ሆዱ ግን እየቆረጠው ነው። ቤተሰብ "ብዙ አታስብ" ይለዋል፣ ጓደኛ "ጨጓራ ነው" ይለዋል፣ ቆይቶ እሱም ራሱን መጠርጠር ይጀምራል። ሕመሙ ግን ፈጠራ አይደለም። ካሜራ የሚያየው ቁስልና እብጠት ነው፤ አንጀት ምን ያህል ስሜታዊ እንደሆነ ግን በካሜራ አይታይም።

ይህ ስሜታዊነት ከየት መጣ ብለን ስንጠይቅ ሴሮቶኒን የሚባለው ኬሚካል ጋ መድረሳችን አይቀርም።

መጀመሪያ፣ አይቢኤስ ምንድን ነው?

ሙሉ ስሙ ኢሪቴብል ባወል ሲንድሮም ነው። በትንሽ ነገር የሚቆጣ አንጀት እንደማለት ነው። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መለኪያ የሮም መስፈርት ይባላል፤ አራተኛው እትም በ2016 ወጥቷል። እንደ መስፈርቱ ባለፉት 3 ወራት በአማካይ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ሆድ ሊያም ይገባል። ሕመሙ ደግሞ ከሦስት ነገሮች ቢያንስ ከሁለቱ ጋር መያያዝ አለበት፦ ከመጸዳዳት ጋር፣ ሽንት ቤት የመመላለሱ ብዛት ከመለወጡ ጋር፣ የሰገራው መልክ ከመለወጡ ጋር። ነገሩ የጀመረውም ቢያንስ ከ6 ወር በፊት መሆን አለበት። አንዱን ተቅማጥ ያሰቃየዋል፣ ሌላውን ድርቀት፣ ሦስተኛውን ሁለቱም ይፈራረቁበታል፤ ዛሬ አልወጣ ያለው ነገ አልቆም ይለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አይቢኤስ እና አይቢዲ በስም ይቀራረባሉ እንጂ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። አይቢዲ አንጀትን ያቆስላል፣ ያደማል፣ በካሜራም ይታያል። ስለዚህ ሰገራ ላይ ደም ካለ፣ ሳታስቡት ከከሳችሁ፣ ትኩሳት ካለ፣ የደም ማነስ ከተገኘ፣ ተቅማጡ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ወይም ችግሩ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ከሆነ "አይቢኤስ ነው" ብላችሁ አትቀመጡ። ሐኪም ይየው።

ሴሮቶኒን የአእምሮ ነገር አይደለም እንዴ?

"የደስታ ሆርሞን" የሚለው ስም ነው ያሳሳተን። ሰውነታችን ውስጥ ካለው ሴሮቶኒን ከ90 በመቶ በላዩ የሚገኘው አንጀት ውስጥ ነው። ጭንቅላት ውስጥ ያለው ጥቂቱ ነው።

በታሪክም ቢሆን ቀድሞ የተገኘው ሆድ ውስጥ ነው። በ1930ዎቹ ቪቶሪዮ ኤርስፓመር የተባለ ጣሊያናዊ ከአንጀት ሽፋን ጡንቻን የሚያኮማትር ነገር አወጣና "ኢንተራሚን" ብሎ ሰየመው። በ1948 ደግሞ አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ሞሪስ ራፖርት፣ አርዳ ግሪን እና ኧርቪን ፔጅ የደም ሥርን የሚያጠብብ ነገር ከደም ለዩ። "ሴሮቶኒን" ያሉት እነሱ ናቸው። ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ነገር ያገኙ መስሏቸው ነበር፤ አንድ ነገር መሆኑ የታወቀው በ1952 ነው። አእምሮ ውስጥም እንዳለ የታየው ከዚያ ወዲህ ነው። ስሙን የሰጡት ሰዎች የሚያጠኑት ደም ግፊት እንጂ ደስታ አልነበረም።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። አንጀት የሠራው ሴሮቶኒን ወደ አእምሮ አይገባም። በደምና በአእምሮ መካከል ያለው አጥር አያሳልፈውም። አእምሮ የራሱን ራሱ ይሠራል። ስለዚህ "የሆድህ ሴሮቶኒን ቢበዛ ደስተኛ ትሆናለህ" የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

ታዲያ ሆድ ውስጥ ሥራው ምንድን ነው?

በአንጀታችን ሽፋን ላይ ኢንተሮክሮማፊን የሚባሉ ሴሎች ተበታትነው ይገኛሉ። ከሽፋኑ ሴሎች 1 በመቶ ገደማ ቢሆኑ ነው። ሥራቸው ግን ትልቅ ነው፦ አንጀት ውስጥ የሚያልፈውን ነገር ይቀምሳሉ፣ ይዳስሳሉ፣ ከዚያ ሴሮቶኒን እየለቀቁ ለነርቮች ይናገራሉ።

አንዲት ጉርሻ ተፈጭታ ትንሹ አንጀት ደረሰች እንበል። ግድግዳውን ትገፋለች። የተገፋው ሴል ግፊቱን የሚያውቅበት ፒየዞ 2 የሚባል በር አለው፤ ሲገፉት ይከፈታል። (የፒየዞን በሮች ያገኘው አርደም ፓታፑቲያን በ2021 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።) በሩ ሲከፈት ሴሉ ሴሮቶኒን ይለቃል። በአቅራቢያው ያለው ነርቭ ሪሴፕተር በሚባል ነገር ይህን ይሰማና ትእዛዝ ያስተላልፋል፦ ከምግቡ ኋላ ያለው ጡንቻ ይጨበጥ፣ ከፊቱ ያለው ይላላ። ምግቡ አንድ እርምጃ ይሄዳል። እዚያም ሌላ ሴል ይገፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። እኛ አንሰማውም፤ አልፎ አልፎ ሆድ ሲያጉረመርም ካልሆነ በቀር።

ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ሴሮቶኒኑ መነሳት አለበት፤ ካልተነሳ ነርቮቹ መጮኻቸውን አያቆሙም። ይህን የሚያደርገው በአንጀት ሽፋን ሴሎች ላይ ያለ ሰርት የሚባል ፕሮቲን ነው። የፈሰሰውን እየመጠጠ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ስሙን ያዙት፣ እንመለስበታለን።

ሪሴፕተር ማለትስ?

የትምህርት ቤት ደወልን አስቡ። ደወሉ አንድ ነው፣ ድምፁም አንድ ነው። ግን ተማሪው ሲሰማው ወደ ሜዳ ይሮጣል፣ መምህሩ ጠመኔውን ያስቀምጣል፣ ዘበኛው በሩን ይከፍታል። ደወሉ ራሱ "ሩጥ" ወይም "ክፈት" አላለም። ትርጉሙን የሰጠው ሰሚው ነው።

ሴሮቶኒን የደወሉ ድምፅ ነው። ያ ኢንተሮክሮማፊን ሴል ደዋዩ ነው። ሪሴፕተር ደግሞ ጆሮው ነው፤ በነርቭ ወይም በጡንቻ ሴል ላይ ተቀምጦ ሴሮቶኒንን ብቻ የሚጠብቅ ፕሮቲን። ሴሮቶኒንን የሚሰሙ ጆሮዎች በ7 ቤተሰብ የተከፈሉ ናቸው፣ በየቤተሰቡም ንዑሳን አሉ። በሳይንሱ ስማቸው 5ኤችቲ1፣ 5ኤችቲ2 እየተባለ ይቀጥላል (5ኤችቲ የሴሮቶኒን የኬሚካል ስሙ አጭር መጠሪያ ነው)። ለእኛ ጉዳይ ሁለቱ ይበቁናል፦ ቁጥር 3 እና ቁጥር 4።

ቁጥር 3 ችኩሉ ነው። ከቤተሰቡ ሁሉ እሱ ብቻ ራሱ በር ነው፤ ሴሮቶኒን ሲነካው ወዲያው ይከፈታል፣ ነርቩም ወዲያው ይተኮሳል። ሌሎቹ በሴሉ ውስጥ መልእክት ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ነው የሚሠሩት፣ ስለዚህ ዘገም ይላሉ። ቁጥር 3 ከአንጀት ወደ ላይ፣ ወደ ሕብለ ሰረሰርና ወደ አእምሮ ወሬ በሚያደርሱ ነርቮች ላይ በብዛት አለ። ማቅለሽለሽ፣ መጨነቅ፣ ሕመም በዚህ መንገድ ያልፋሉ። የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ለምን እንደሚያስመልሳቸው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? መድኃኒቱ ደዋዮቹን ሴሎች ይጎዳል፣ ሴሮቶኒን በገፍ ይፈሳል፣ ሆድን ከአእምሮ በሚያገናኘው ቬገስ ነርቭ ላይ ያሉት የቁጥር 3 ጆሮዎች ይሰማሉ፣ አእምሮም "አስወጣ" ይላል። ኦንዳንሴትሮን የሚባለው የማስመለስ መድኃኒት የሚሠራው እነዚህን ጆሮዎች ደፍኖ ነው። የታወቀ የጎን ጉዳቱ ምን መሰላችሁ? ድርቀት። ይህን ለኋላ ያዙልኝ።

ቁጥር 4 ደግሞ የእንቅስቃሴው ሰው ነው። ሲነቃ አንጀት ውስጥ ያሉ ነርቮች መልእክታቸውን ጠንከር አድርገው እንዲያስተላልፉ ያደርጋል፣ ምግብም በፍጥነት ይወርዳል።

አይቢኤስ ላይ የተበላሸው የቱ ነው? ደዋዩ ወይስ ጆሮው?

መልሱ ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም፣ የዚህ በሽታ አስቸጋሪነቱም እዚህ ላይ ነው። ችግሩ ቢያንስ በአራት ቦታ ሊሆን ይችላል።

አንደኛው ደዋዩ ጋ ነው። ከባድ የአንጀት ኢንፌክሽን ካለፈ በኋላ በአንዳንድ ሰዎች አንጀት ላይ ደዋይ ሴሎች በዝተው ተገኝተዋል። ጀርሙ ከሄደ ቆይቷል፣ ደዋዮቹ ግን ቀርተዋል። የምግብ መመረዝ ወይም ተመሳሳይ ኢንፌክሽን ከያዛቸው ሰዎች 10 በመቶ ገደማ የሚሆኑት አይቢኤስ እንደሚይዛቸው ይገመታል። በጣም የታወቀው ምሳሌ ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ያለችው ዎከርተን ናት። በግንቦት 2000 የከተማዋ የመጠጥ ውሃ በባክቴሪያ ተበከለና ከ2,000 በላይ ሰው ታመመ። ተመራማሪዎች ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲጠይቁ፣ ያኔ ካልታመሙት 10 በመቶ ገደማ አይቢኤስ ነበረባቸው፤ በደንብ ታመው ከነበሩት ግን 36 በመቶ ገደማ። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ሄዷል፣ ብዙዎችም ተሽሏቸዋል፤ ሁሉም ግን አይደሉም። እንግዲህ "ከዚያ ተቅማጥ በኋላ ሆዴ እንደ ድሮው አልሆነም" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እመኑት።

ሁለተኛው ማንሻው ጋ ነው። ሰርትን አትርሱት። በ2004 የወጣ ጥናት አይቢኤስ ካለባቸው ሰዎች አንጀት በተወሰደ ናሙና ላይ ሰርት ቀንሶ አገኘ። ማንሻው ከቀነሰ ድምፁ ሳይጠፋ ይቆያል። ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በኋላ የመጡ ጥናቶች ሁሉ ይህን አልደገሙትም። አንዳንዱ አገኘ፣ አንዳንዱ አላገኘም። "አይቢኤስ ማለት የሰርት ማነስ ነው" የሚል ሰው ነገሩን ከሚገባው በላይ አቅልሎታል።

ሦስተኛው የመስመሩ ነገር ነው። ከአንጀት የተነሳው ወሬ ወደ አእምሮ ሲሄድ ሕብለ ሰረሰር ላይ ያልፋል። እዚያ ድምፁ ሊቀነስ ወይም ሊጨመር ይችላል። ያው መደበኛ ነገር፣ ትንሽ አየር፣ ትንሽ መወጠር፣ መስመሩ ላይ ስፒከር ከፍ ብሎ ከጠበቀው ቁርጠት ሆኖ ይደርሳል። ሐኪሞች ይህን የውስጥ አካል ከመጠን ያለፈ ስሜታዊነት ይሉታል። አይቢኤስ ያለበት ሰው "ሆዴ ተነፋ" ሲል የግድ ከሌላው የበለጠ ጋዝ አለው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ያለው ጋዝ እንደማንኛውም ሰው ነው፤ የሚሰማው ግን አንጀቱ ሊፈነዳ የደረሰ ያህል ነው።

አራተኛው ከላይ፣ አእምሮ ጋ ነው። በቬገስ ነርቭ ውስጥ ካሉት ክሮች 80 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ወሬ የሚወስዱት ከታች ወደ ላይ ነው። ሆድ ለአእምሮ የሚናገረው ከሚሰማው ይበልጣል። ያም ሆኖ አእምሮም መልስ ይሰጣል፤ ሲጨነቅ የአንጀቱን እንቅስቃሴም የሕመሙን መጠንም ይለውጣል። አማርኛ ይህን ነገር ከድሮ ጀምሮ ያወቀው ይመስለኛል፦ "ሆድ ባሰኝ"፣ "አንጀቴን በላኝ"፣ "ሆዴ ባር ባር አለ" እንላለን። ልብ አልልም፣ ሆድ እላለሁ። ግን ይህ "ሁሉም ጭንቀት ነው" ማለት አይደለም። ጭንቀት ስፒከሩን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ሙዚቃውን አልከፈተውም።

ታዲያ ሴሮቶኒኑ በዝቶ ነው ወይስ አንሶ?

ተቅማጥ በሚበዛባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ከምግብ በኋላ ሴሮቶኒን ከፍ ብሎ በበርካታ ጥናቶች ታይቷል፤ ድርቀት ባለባቸው ደግሞ የሚጠበቀውን ያህል አይጨምርም። ስሜት ይሰጣል። ግን መጠኑን ብቻ ማየት አይበቃም፤ የትኛው ጆሮ ሰማ የሚለውም አለ። መጠን ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ማየት ከፈለጋችሁ ካርሲኖይድ የሚባለውን ዕጢ ተመልከቱ። ሴሮቶኒን በብዛት ያመርታል፣ ሰውየው ፊቱ ይቀላል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል። አይቢኤስ ግን ይህን አይመስልም። እዚህ ልዩነቱ ጥቂት ነው፣ ቦታውም የአንጀት ግድግዳ ነው።

ጆሮውን ደፍነን ብንገላገልስ?

ተሞክሯል። ታሪኩ ግን ያስተምራል፣ ትንሽም ያስፈራል።

አሎሴትሮን የቁጥር 3ን ጆሮ ይደፍናል። ተቅማጥ ለሚበዛባቸው ሴቶች ተብሎ በየካቲት 2000 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ለብዙዎች ሠራ። ነገር ግን በአንዳንዶቹ ላይ ከባድ ድርቀት አመጣ፣ በጥቂቶቹ ላይ ደግሞ ወደ ትልቁ አንጀት የሚሄደው ደም አነሰና አንጀቱ ተጎዳ፤ የሞቱም ነበሩ። በዚያው ዓመት በኅዳር ከገበያ ወጣ። ከዚያ ያልተለመደ ነገር ሆነ፦ ታካሚዎች ራሳቸው "መልሱልን" ብለው ወተወቱ። በሰኔ 2002 በጥብቅ ቁጥጥር፣ በሽታው ለጠናባቸው ሴቶች ብቻ ተመለሰ። አደጋውን እያወቁ መድኃኒቱን የለመኑ ሰዎች ምን ያህል ቢያማቸው ነው? "ቀላል የሆድ ነገር ነው" ለሚል ሰው ይህችን ብቻ ብትነግሩት ይበቃል።

በቁጥር 4 በኩል ደግሞ የተፈለገው መቀስቀስ ነበር። ሲሳፕራይድ አንጀትን ያንቀሳቅስ ነበር፣ ግን የልብ ምትን አዛብቶ በ2000 አሜሪካ ውስጥ ከገበያ ወጣ። የሚገርመው፣ ልቡን ያወከው በሴሮቶኒን ጆሮ በኩል አልነበረም፤ የልብን ምት የሚመጥን ሌላ በር ስለሚዘጋ ነበር። ቴጋሴሮድ በ2002 ድርቀት ለሚበዛባቸው ሴቶች ተፈቀደ። በ2007 ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱ 11,614 ሰዎች 13ቱ የልብ ወይም የአንጎል የደም ዝውውር ችግር ገጥሟቸው ነበር፤ ካልወሰዱት 7,031 ደግሞ አንድ ሰው። ታገደ፣ በ2019 ለተወሰኑ ሴቶች ተመለሰ፣ በ2022 ደግሞ አምራቹ ራሱ ተወው። አሁን ያለው ፕሩካሎፕራይድ ቁጥር 4ን ይበልጥ ለይቶ ይነካል፤ የተፈቀደው ግን ለቆየ ድርቀት ነው።

ለምን እንዲህ አስቸጋሪ ሆነ? ያ ጆሮ ያለው አንጀት ላይ ብቻ ስላልሆነ ነው። ቁጥር 4 ልብ ላይም አለ፣ አእምሮ ላይም አለ። አንጀት ላይም ቢሆን ያው ጆሮ ሕመም ብቻ ሳይሆን ጤናማውን እንቅስቃሴም ይሰማል። ስትደፍኑት ሁለቱንም ነው የምትደፍኑት።

ኦንዳንሴትሮንን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ድርቀት የሚያመጣ ከሆነ ተቅማጥ ላለበት ለምን አይሰጥም? እንግሊዝ ውስጥ ተሞክሮ በ2014 ውጤቱ ወጣ፣ ታካሚዎቹ 120 ነበሩ። ሰገራቸው ተስተካከለ፣ ያ ሩጫ፣ "አሁን ካልደረስኩ አለቀልኝ" የሚያሰኘው ጥድፊያ ቀነሰ። ሕመሙ ግን ብዙም አልተለወጠም። እንቅስቃሴው ሌላ ነገር ነው፣ ሕመሙ ሌላ ነገር ነው። የ1973ቱ ፊኛም የነገረን ይህንኑ ነበር።

ሐኪሙ ለሆዴ የድብርት መድኃኒት ያዘዘልኝ ለምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ያስቀይማል። "አብደሃል ሊለኝ ነው" ብሎ ወረቀቱን ቀዶ የጣለ ሰው አውቃለሁ። ግን አይደለም።

አሚትሪፕቲሊን በዕድሜ የቆየ መድኃኒት ነው። ለድብርት ሲሰጥ መጠኑ ከፍ ይላል። ለሆድ ሲሰጥ ግን ከ10 ሚሊ ግራም ይጀመራል። በዚህ መጠን የሚፈለገው ከአንጀት የሚሄደው የሕመም ወሬ ሕብለ ሰረሰርና አእምሮ ላይ ሲደርስ ስፒከሩን ዝቅ እንዲያደርግ ነው። በ2023 የወጣ ትልቅ የእንግሊዝ ጥናት 463 ሰዎችን ለ6 ወር ተከታተለ። ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ከወሰዱት 61 በመቶዎቹ ተሻለን አሉ፤ ባዶ ክኒን ከተሰጣቸው 45 በመቶዎቹ። (ባዶ ክኒኑም ቀላል አልሠራም፤ አእምሮና አንጀት የሚነጋገሩ መሆናቸውን ረስተን ካልሆነ ይህ አይገርመንም።) አሚትሪፕቲሊን አንጀትን ያዘገያል፣ አፍም ያደርቃል፣ እንቅልፍም ያመጣል፤ ስለዚህ ድርቀት ላለበት ሰው ጉዳዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አዳዲሶቹ የድብርት መድኃኒቶች፣ ሰርትን የሚዘጉት፣ ሌላ ጠባይ አላቸው። ማንሻውን ስለሚያቆሙት አንጀት ውስጥም ሴሮቶኒን ይቆያል። መድኃኒቱን የጀመሩ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማቅለሽለሽና ተቅማጥ የሚይዛቸው ለዚህ ነው።

የሴሮቶኒን ምርመራ ልታዘዝ?

አይቢኤስን በሴሮቶኒን ልክ የሚለይ የደም ምርመራ የለም። ከሴሮቶኒን ጋር የተያያዘ የሽንት ምርመራ አለ፤ ግን የሚታዘዘው ያ ካርሲኖይድ የተባለው ዕጢ ሲጠረጠር ነው። በኢንተርኔት "ሴሮቶኒን ጨምሩ" እየተባለ የሚሸጠውን 5ኤችቲፒ የሚባል ክኒን በተመለከተ ደግሞ፣ የድብርት መድኃኒት እየወሰዳችሁ ከሆነ ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ አትጀምሩት። ሁለቱ ሲገናኙ ሴሮቶኒን ከልክ ያልፋል፤ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን ይመጣል፣ ነገሩም ወደ ድንገተኛ ክፍል ሊወስድ ይችላል።